የአጥቂዋ ዓመታት የት ይባክናሉ? ከጎጃም ሜዳ እስከ ውጭ ሊግ

ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከእንጅባራ ስለተነሣች ሴት አጥቂ ሲወራ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚነሣው ተሰጥኦ ነው። «ልጅቱ እኮ ሲፈጥራት ነው!» ይባላል፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ወሬዋም ይጠፋል። ተሰጥኦ አልቸገረንም። የሚያጥረን ዕድሜ ነው። አንዲት አጥቂ በ17 ዓመቷ የመጀመሪያ ውሏን ፈርማ እስከ 32 ዓመቷ ብትጫወት በእጇ ያለው 15 የውድድር ዘመን ብቻ ነው። አንዱን የጉልበቷ ጉዳት ይወስደዋል፤ አንዱን ያልተሰጣት መልቀቂያ፤ አንዱን ዓመቱ የተሳሳተ የልደት ምስክር ወረቀት፤ ሁለት ሦስቱን ደግሞ የማያዛልቅ ሥልጠና። አባት «እንደው ይኼ ኳስ እንጀራ ይሆናታል?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ያለው እነዚህን ዓመታት በማትረፍና ባለማትረፍ ላይ ነው።

ከሩጫው እንነሣ። የሯጭ አገር ልጆች ስለሆንን ብዙ የፕሮጀክት (የታዳጊ ቡድን) አሠልጣኞች ሥራውን በረጅም ሩጫ ይጀምራሉ፤ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ 8 ወይም 10 ኪሎ ሜትር በአስፋልት ዳር። ከጮቄ ተራራ ሥር ካሉ ቀበሌዎች በየቀኑ ዳገት ወጥታ ወርዳ ትምህርት ቤት የምትደርስ ልጅ የጎደላት ትንፋሽ አይደለም። አጥቂ በ90 ደቂቃ ውስጥ በድምሩ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ልትሸፍን ትችላለች፤ ጎሉ የሚወለደው ግን ከተከላካይዋ ቀድማ በምትወጣባቸው የመጀመሪያዎቹ 5 እስከ 20 ሜትሮች ነው። ይህ ፍጥነት በዝግታ ሩጫ አይመጣም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመካከሉ ቢያንስ 48 ሰዓት ዕረፍት ሰጥቶ፣ ሰውነት በደንብ ከሞቀ በኋላ 10 ሜትር ስድስት ጊዜ፣ 20 ሜትር አራት ጊዜ፣ 30 ሜትር ሦስት ጊዜ ማስሮጥ ይበቃል። ሲደመር 230 ሜትር ብቻ ነው። ማነሱ ብዙ አሠልጣኝ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሩጫ በሙሉ ኃይል መሆን አለበት፣ በየመካከሉም ለየ10 ሜትሩ አንድ ደቂቃ ያህል ይታረፋል። 30 ሜትር የሮጠች ሦስት ደቂቃ ትቆማለች ማለት ነው። ሥራው የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፦ ልጆቹ ቆመው ሲታዩ የሰነፉ ይመስላል፣ አሠልጣኙ ያጣድፋቸዋል፣ የፍጥነት ልምምዱም ተመልሶ የትንፋሽ ልምምድ ይሆናል። አነሣሱም ይቀያየር፤ አንዴ ከቁም፣ አንዴ ጀርባ ሰጥቶ፣ አንዴ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ አንዴ በጎን እየተራመዱ። ጨዋታ ውስጥ ማንም እንደ አጭር ርቀት ሯጭ ተንበርክካ አትነሣም።

ለጡንቻ ጥንካሬ የሚሆን ጂም የለም የሚለው ሰበብ አያዋጣም። ውኃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን በግራና በቀኝ ይዞ በአንድ እግር ደረጃ መውጣት (በየእግሩ 8 ጊዜ፣ ሦስት ዙር)፣ በእግር ጣት ቆሞ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ (15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር)፣ ጓደኛዋ ቁርጭምጭሚቷን ይዛላት ተንበርክካ ቀስ ብሎ ወደ ፊት መውደቅ። ይህ የመጨረሻው የኋላ ጭን ጡንቻን ያጠነክራል፤ በሁለት ዙር ሦስት ሦስት ጊዜ ተጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት ይጨመርበታል። በመጀመሪያው ቀን 10 ጊዜ ያሠራ አሠልጣኝ ለአራት ቀን መራመድ የሚያቅታቸው ልጆች ይኖሩታል፤ ከዚያ በኋላ ልምምዱን ማንም አይወደውም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ጎሉ። በእግር ኳስ አብዛኛው ጎል የሚቆጠረው ከፍፁም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ፣ ያውም በአንድ ወይም በሁለት ንክኪ ነው። የእኛ ልምምድ ተገላቢጦሹ ነው። ልጆች ይሰለፋሉ፤ ከ20 ሜትር ላይ የቆመ ኳስ ተራ በተራ ይመታሉ፤ አንዷ መትታ ተራዋ እስኪመለስ አምስት ደቂቃ ትጠብቃለች፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ 12 ጊዜ ብትመታ ነው፤ ያም በጨዋታ ላይ የማይገጥማት ዓይነት ኳስ። የሚሻለው አሠራር በአንድ ግብ ላይ ሦስት አጥቂ፣ ሁለት አቀባይ፣ አንድ በረኛ፣ ያሉትን ኳሶች ሁሉ ማድረግ ነው። በአንድ ቀን ሥራ አንዷ አጥቂ 60 ጊዜ ትመታለች፤ 20ው ከመስመር ወደ ኋላ ተቀንሶ የሚመጣ በአንድ ንክኪ፣ 20ው ለግቡ ጀርባ ሰጥታ ተቀብላ፣ ዞራ በሁለተኛው ንክኪ፣ 20ው በደካማው እግር። በሳምንት ሦስት ቀን ከተሠራ 180 ምት ይሆናል። አንድ ኳስ ብቻ ያላት ልጅ ደግሞ ግድግዳ ትፈልግ፤ 5 ሜትር ርቃ 100 በቀኝ፣ 100 በግራ፣ ኳሱ ሳይቆም።

ደብተርም ያስፈልጋል። ቀኝ፣ ግራ፣ ቴስታ ብላ ታሰምርና ለእያንዳንዱ የገባውን፣ በረኛ ያዳነችውንና ውጭ የወጣውን ትመዘግባለች። ሁሉም ሰው የሚያየው የገባውን ነው፤ እኔ ግን አስቀድሜ የማየው ውጭ የወጣውን ነው። በረኛ ያዳነችው ኳስ ተመልሶ ሁለተኛ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ ውጭ የወጣው አለቀለት። ከ20 ምት ከአምስት በላይ ውጭ የምታወጣ ልጅ ኃይል መጨመር አያስፈልጋትም። የቆመችበት እግር የት እንዳረፈ መታየት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ከኳሱ ኋላ ርቆ ቀርቶ ሰውነቷ ወደ ኋላ ተጋድሟል፣ ኳሱም ወደ ሰማይ ይሄዳል። የቆመው እግር ከኳሱ አጠገብ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ጣቱ ወደ ግቡ አቅንቶ ሲያርፍና ደረት ከኳሱ በላይ ሲሆን ብቻዋን ትስተካከላለች።

የት መምታት እንዳለባት ደግሞ ክርክር አለ። ግቡ 7.32 ሜትር ስፋት፣ 2.44 ሜትር ቁመት አለው፤ ለወንድም ለሴትም ያው ነው። በታዳጊ ውድድር በረኞቹ አጫጭር ስለሆኑ ከአግዳሚው ሥር የተላከ ከፍ ያለ ኳስ ሁሉ ይገባል፤ ልጅቷም ይህንን ትለምዳለች፤ በወረዳና በዞን ውድድር ኮከብ ጎል አስቆጣሪ ትሆናለች። ፕሪምየር ሊግ ስትደርስ ያው ኳስ በረኛዋ እጅ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ገና ከ13 እና ከ14 ዓመት ጀምሮ ወደ ሩቁ ቋሚ (ከእሷ ራቅ ወዳለው የግብ እንጨት)፣ መሬት ለመሬት መምታት መልመድ አለባት። በረኛዋ ብታድነው እንኳ ኳሱ የሚመለሰው ወደ ግቡ ፊት ነው፤ በቅርቡ ቋሚ በኩል የዳነ ግን ለማዕዘን ምት ይወጣል።

ከኳሱ በፊት ያለው ሥራ ከምቱ ይበልጣል። አጥቂዋ ኳስ ሳይመጣላት ሁለት ጊዜ ትከሻዋን ዞር ብላ ማየት አለባት፤ ተከላካይዋ የት እንዳለችና በረኛዋ ምን ያህል እንደወጣች ለማወቅ። ከመስመር የሚሻገር ኳስ ስትጠብቅ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ሩቁ ቋሚ፣ ከተከላካይዋ ጀርባ ትሄዳለች፤ ተከላካይዋ ኳሱንና እሷን ባንድ ዓይን ማየት አትችልም። አሻጋሪዋ ኳሱን አውጥታ ቀና ስትል፣ ያኔ ብቻ፣ በተከላካይዋ ፊት ወደ ቅርቡ ቋሚ ትቆርጣለች። የብዙ ልጆች ስሕተት ቀድሞ መድረስ ነው። ትደርስና ትቆማለች፤ የቆመች አጥቂ ለመያዝ ቀላል ናት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ከጨዋታ ውጭ እንዳትሆንም ቀጥ ብላ ሳይሆን ከተከላካዮቹ መስመር ጋር ጎን ለጎን ትንሽ ሮጣ ከዚያ ወደ ግቡ መታጠፍ ትልመድ። ብዙ የፕሮጀክት ልጆች የማያውቁት አንድ ሕግም አለ፦ ከእጅ ውርወራ፣ ከግብ ምትና ከማዕዘን ምት ኳስ በቀጥታ ስትቀበል ከጨዋታ ውጭ አትባልም። ተከላካዮቹ በእጅ ውርወራ ጊዜ ዘንግተው ሲቆሙ ከኋላቸው ገብታ መጠበቅ ትችላለች።

ቴስታ በግንባር ነው፤ ዓይን ተከፍቶ፣ አንገት ጠንክሮ፣ አገጭ ወደ ደረት ተስቦ። በአናት የምትገጭ ልጅ ራሷን ያማታል፤ ከዚያም ቴስታ ትፈራለች። ከ12 ዓመት በታች ቁጥር 4 ኳስ ይበቃል፤ ቁጥር 5 ደረቅ ሆኖ ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል፤ ቆዳው ያለቀ ኳስ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ከዚያ በላይ ይከብዳል። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ለአዋቂዎች እንኳ በልምምድ ላይ ጠንካራ ቴስታ በሳምንት ከ10 እንዳይበልጥ ይመክራል። ለልጆች አነስ ያለው ይሻላል።

ስለ ከፍታም አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ያደገች አጥቂን ሌላ አገር የሚያስደነግጣት እሱ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ማርቆስ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገር አየር በአምስት አንድ ያህል ይሳሳል። በሳሳ አየር የተመታ ኳስ ፍጥነቱን ይዞ ይሄዳል፣ ብዙም አይታጠፍም። ማልታን ወይም ሌላ የባሕር ዳርቻ ከተማን የመሰለ ቦታ ስትደርስ ተሻጋሪው ኳስ እሷ ከለመደችው ቀድሞ ይወርዳል፣ የሚጠመዘዘውም ይበልጥ ይጠመዘዛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁልጊዜ ከኳሱ አንድ እርምጃ ታልፋለች። ሌላ ምሥጢር የለውም፤ ሁለት ሳምንት ያህል ተጨማሪ የተሻጋሪ ኳስ ልምምድ ያስተካክለዋል። አሠልጣኙ ግን ይህንን ካላወቀ «ኳስ አታነብም» ብሎ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀምጣታል፤ የሙከራ ጊዜዋም ያልቃል።

ሜዳና ታኬታ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት መሬታችን እንደ ጡብ ይደርቃል፤ በክረምት ደግሞ ጭቃ ነው። ለደረቁ መሬት አጫጭርና ብዙ የጎማ ጥርስ ያለው ታኬታ ያስፈልጋል። ረጅም ወይም እንደ ቢላ ስለት የቀጠነ ጥርስ ያለው በደረቅ መሬትና በሰው ሠራሽ ሣር ላይ እግርን ነክሶ ይይዛል፤ ሰውነት ሲዞር እግር አይዞርም፤ የሚጠመዘዘው ጉልበት ነው። ከገበያ የሚገዛው ልባሽ ታኬታ ብዙ ጊዜ በአንድ ቁጥር ይበልጣል፣ ጨርቅም ይጎሰጎስበታል። ይህ ጥፍር ከማበላሸቱ በላይ እግር ውስጡ እየተንሸራተተ ቁርጭምጭሚትን ያጣምማል። ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ጫማው ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል፤ የሚለካውም ከሰዓት በኋላ፣ እግር አበጥ ሲል፣ በሚጫወቱበት ካልሲ ነው። ሲረጥብ ጋዜጣ ጎስጉሶ ጥላ ላይ ማድረቅ፤ ምድጃ ዳር ያደረቁት ታኬታ ሙጫው ይለቅና በሳምንቱ ሶሉ አፉን ይከፍታል።

ጉልበትን በተመለከተ ቸል ሊባል የማይገባው ነገር ሴት ተጫዋቾች ጉልበት ውስጥ ያለው የፊት መስቀለኛ ጅማታቸው የመበጠስ ዕድሉ ከወንዶች ቢያንስ በእጥፍ የሚበልጥ መሆኑ ነው። አብዛኛውም የሚደርሰው ማንም ሳይነካቸው፣ ዘለው ሲያርፉ ወይም ሮጠው በድንገት ሲታጠፉ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚሆነው ደግሞ በነፃ ይገኛል። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለው የማሟሟቂያ ሥርዓት 15 ልምምዶች አሉት፤ 8 ደቂቃ ቀላል ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬ፣ የዝላይና የሚዛን ሥራ፣ 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ፤ በአጠቃላይ 20 ደቂቃ። በኖርዌይ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ አጠቃላዩን ጉዳት በሲሶ ያህል ቀንሷል። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ መሠራት አለበት። የሚበላሸው እንደ ውዳሴ በቃል ሲደገም ነው፦ ልጆቹ ይዘላሉ፣ ሲያርፉ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ ይጣመማል፣ አሠልጣኙ ስልኩን ያያል። አሠልጣኙ ከፊት ለፊታቸው ቆሞ ጉልበታቸው ከእግር ጣታቸው ጋር ቀጥ ብሎ ማረፉን ካላየ 20ው ደቂቃ ከንቱ ነው።

ጉዳቱ ከደረሰ ምልክቱ ግልጽ ነው፤ «ቋ» የሚል ድምፅ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እብጠት፣ ጉልበት ሲከዳ። ያኔ ጨዋታው ያበቃል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ፎጣ ለ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በፋሻ ሰብሰብ አድርጎ ማሰር፣ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ ሐኪም። ያበጠ ጉልበት አይታሽም፤ የቡድኑም ወጌሻ ይሁን የሰፈሩ፣ በቅቤ ይሁን በሌላ። ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ልጅ ወደ ውድድር የምትመለሰው ከ9 ወር በፊት አይደለም፤ ያውም የተጎዳው እግር ጥንካሬ ከደኅናው ጋር ከተቀራረበ። ቡድኑ ወሳኝ ጨዋታ ስላለበት በ6 ወር የመለሳት ልጅ እንደገና ብትበጥሰው የሚጠፋው ሁለተኛ ዓመት ነው።

ምግብ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም፤ ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ብረት ነው። ወር አበባ የምታይ አዋቂ ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ብረት ያስፈልጋታል፤ ወንድ 8 ይበቃዋል። ጤፍ ብረት አለው፤ ሆኖም በውስጡ ያለው ፋይቴት ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል፣ ከምግቡ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ ደግሞ ይብሱን ያግዱታል። ቡናው ከማዕድ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይጠጣ፤ ከሽሮው ወይም ከምስሩ ጋር ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ ይጨመር፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባዋል። የተዳከመች ልጅ ስትመረመር ሄሞግሎቢን ብቻ አይበቃም፤ በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ ከፍ ስለሚል ቁጥሩ ደኅና መስሎ የብረት ክምችቷ ግን ያለቀ ሊሆን ይችላል። ክምችቱን የሚያሳየው፣ ፌሪቲን የሚባለው ይታይ። ሳይመረመሩ የብረት ኪኒን መዋጥ ግን አይገባም።

ሁለተኛው ጾም ነው። 55 ቀኑ ዐቢይ ጾም የሚገባው ሊጉ መሐል ላይ ነው። 55 ኪሎ የምትመዝን ተጫዋች በቀን 88 ግራም ገደማ ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ 100 ግራም ጥሬ ምስር 24 ግራም ያህል አለው። ስለዚህ ምስር፣ ሽሮ፣ አተር፣ ተልባና ሰሊጥ አንድ ላይ፣ ከአንድ ማዕድ በላይ መሆን አለባቸው። እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ ልምምዱ ማለዳ ሳይሆን ከበላች በኋላ ወደ 11 ሰዓት ይዛወር። ከንስሐ አባቷ ጋር መነጋገርም ነውር የለውም፤ ሥራዋ ነው። ወር አበባ ሦስት ወር የቀረባት ልጅ ደግሞ «ጎበዝ ስለሆነች ነው» የሚባል ነገር የለም፤ ብዙ ጊዜ ከምታወጣው ያነሰ እየበላች ነው፣ አጥንቷም ሊሳሳ ይችላል። ይህንን ለወንድ አሠልጣኝ መናገር ስለሚከብድ በየቡድኑ አንዲት የምትታመን ሴት ትኑር፤ በቡድኑ የሕክምና ሣጥን ውስጥም ከፋሻው ጎን ሞዴስ ይቀመጥ። ነጭ ቁምጣም ባይሆን ይመረጣል፤ የእንግሊዝ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን በፈረንጆቹ 2023 ነጩን ቁምጣ የተወው በዚሁ ምክንያት ነው።

ወረቀቱ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ ፋይዳና ፓስፖርት ላይ ያለው ስምና ቀን አንድ መሆን አለበት። ሁለት ነገሮች በየጊዜው ይሳሳታሉ። የመጀመሪያው ስሟ በላቲን ፊደል በየወረቀቱ በተለያየ መንገድ መጻፉ ነው። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በእኛ ታኅሣሥ 21 ቀን 2000 የተወለደች በፈረንጆቹ ዲሴምበር 31 ቀን 2007 ላይ ትውላለች፤ በማግስቱ ታኅሣሥ 22 የተወለደችው ጃንዋሪ 1 ቀን 2008። የዕድሜ ገደብ ያለው ዓለም አቀፍ ውድድር የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ስለሆነ በአንድ ቀን ልዩነት አንዷ ዕድሜዋ አልፏል ትባላለች፣ አንዷ ትገባለች። 2000 ብሎ ጽፎ ዓመቱ የእኛ ይሁን የፈረንጅ ሳይገልጽ የሰጠ መዝገብ ቤት ልጅቷን በወረቀት ላይ ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጃታል። ይህንን ክለብ ሲፈልጋት ሳይሆን በ12 ዓመቷ ማስተካከል ነው።

ውል ሲመጣ ደግሞ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ደመወዙ የተጣራ ነው ወይስ ያልተጣራ? ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ግብር እስከ 35 በመቶ ስለሚደርስ ይህ አንድ ቃል ብዙ ብር ነው። የፊርማው ገንዘብ በስንት ጊዜ፣ በየትኞቹ ቀናት ይከፈላል? ብትጎዳ የቀዶ ሕክምናውን ማን ይከፍላል፣ ደመወዟስ በዚያ ጊዜ ይቀጥላል? ካምፕና ምግብ ከደመወዙ ውጭ ነው? መልቀቂያ የምታገኘው መቼ ነው? ማኅተም ያረፈበትን አንድ ቅጂ ሳትይዝ ከቢሮው አትውጣ። በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለች ተጫዋች ከሦስት ዓመት የበለጠ ውል መፈረም አትችልም፤ ለአዋቂዋም ጣሪያው አምስት ዓመት ነው። ውሏ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር መፈረም ትችላለች። ሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈላት ተጫዋች ክለቡን በጽሑፍ አስጠንቅቃ፣ 15 ቀን ጠብቃ ውሏን በሕጋዊ ምክንያት ማቋረጥ ትችላለች። በቃል «ክፈሉኝ» ማለት ማስጠንቀቂያ አይባልም፤ ቀን ያለው፣ ክለቡ የተቀበለበት ፊርማ ያረፈበት ደብዳቤ ነው የሚቆጠረው።

ማርገዝም ሥራ የሚያሳጣ መሆን የለበትም። ከፈረንጆቹ 2021 ጀምሮ ፊፋ ቢያንስ 14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ከደመወዙ ሁለት ሦስተኛ ጋር አስገድዷል። የአይስላንዷ ሣራ ብዮርክ ጉናርስዶቲር ከፈረንሳዩ ክለብ ሊዮን ጋር ተከራክራ በእርግዝናዋ ጊዜ ያልተከፈላት ከ82,000 ዩሮ በላይ ደመወዝ እንዲከፈላት የተወሰነላት በ2022 ነው። ጋብቻ ማለት ታኬታ መስቀል ነው ለሚሉ ቤተሰቦች ይህ ቢነገር ጥሩ ነው።

ወደ ውጭ የሚወስደው መንገድ አለ፤ አጭር ግን አይደለም። ከዱራሜ የተነሣችው ሎዛ አበራ በሀዋሳና በደደቢት ጎል አስቆጥራ፣ በስዊድን ሞክራ፣ በማልታው ቢርኪርካራ በ2019/20 ኮከብ ጎል አስቆጣሪ ሆና፣ በንግድ ባንክም ተጫውታ በ2024 አሜሪካ ደርሳለች። ንግድ ባንክ በዚያው ዓመት የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፎ ሞሮኮ በተካሄደው የአፍሪካ ሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ ተሳትፏል፤ አጥቂ ሳትሰደድ የውጭ ዓይን የሚያርፍባት እንዲህ ባለ ውድድር ነው። የማላዊዎቹን እኅትማማቾች ታቢታና ቴምዋ ቻዊንጋን ደግሞ እዩ። ታቢታ የጀመረችው በስዊድን ዝቅተኛ ዲቪዚዮን ነው፤ ቴምዋ በስዊድንና በቻይና በኩል ዞራ በ2024 ለካንሳስ ሲቲ ከረንት 20 ጎል አስቆጥራ የአሜሪካው ሊግ ምርጥ ተጫዋች ተብላለች። ሁለቱም ያደጉት ስሙ በገነነ ክለብ አግዳሚ ላይ በመቀመጥ ሳይሆን በትንሽ ክለብ በመሰለፍ ነው፤ ለአጥቂ ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም። አጥቂ የምትሸጠው ጎል ነው፤ ካልተሰለፈች ዕቃ የላትም።

ቪዲዮም ትያዝ። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የተቆረጠ ብቻ አይበቃም፤ ቁም ነገረኛ ክለብ ሁለት ያልተቆረጡ ሙሉ ጨዋታዎች ይጠይቃል፤ ኳስ በሌላት ጊዜ ምን እንደምትሠራ ማየት ይፈልጋል። ስልኩ በመሐል ሜዳ መስመር ትይዩ፣ ከፍ ካለ ቦታ፣ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጥ። የማልያ ቁጥር፣ ቀን፣ ተጋጣሚ፣ ቁመትና የምትመታበት እግር ይጻፍ።

«አውሮፓ እንልክሻለን» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሌባ ነው። ወኪል የፊፋ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ስሙ በፊፋ ዝርዝር ላይ ይገኛል ወይም አይገኝም፤ ከተጫዋች ጋር የሚፈርመው ውልም ከሁለት ዓመት አይበልጥም። ዝውውሩ በሁለቱ ክለቦችና በሁለቱ ፌዴሬሽኖች በኩል በኮምፒውተር ሥርዓት ያልፋል፤ በአንድ ሰው ቦርሳ አያልፍም። ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ ደግሞ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ከአገር አገር መዛወር ክልክል ነው። የ16 ዓመት ልጅን «ክለብ አግኝቼላታለሁ» የሚል ካለ ወላጆቿ ወደ ሰውዬው ሳይሆን ወደ ፌዴሬሽን ይሂዱ።

በመጨረሻ ለፕሮጀክት አሠልጣኞች። የሴቶች ዝውውር ገንዘብ እያደገ ነው። የዛምቢያዋ አጥቂ ራቼል ኩንዳናንጂ በ2024 ከማድሪድ ሲኤፍኤፍ ወደ አሜሪካው ክለብ ቤይ ኤፍሲ ስትዛወር ክፍያው ከ700 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፤ ወላጆቿ ኢትዮጵያውያን የሆኑት ተከላካይ ናኦሚ ግርማ ደግሞ በ2025 መጀመሪያ ወደ ቼልሲ ስትሄድ ዋጋዋ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ወንዶቹ ጋ ለአሳዳጊ ክለቦች የሚከፈለው የሥልጠና ካሣ ለሴቶች እግር ኳስ አይሠራም፤ የአጋርነት ክፍያው ግን አለ። ተጫዋቿ ውሏ ሳያልቅ ከአገር አገር በገንዘብ ስትዛወር ከክፍያው 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቷ ላሠለጠኗት ይከፋፈላል፤ ከ12 እስከ 15 ለእያንዳንዱ ዓመት ከጠቅላላው 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ። የ200,000 ዶላር ዝውውር ቢሆን ከ12 እስከ 15 ላሠለጠናት ክለብ በዓመት 500፣ በአራቱ ዓመት 2,000 ዶላር ነው፤ እስከ 17 ከቆየች ሌላ 2,000 ይጨመራል። ለአንድ የወረዳ ቡድን ይህ ኳስ፣ መረብ፣ ታኬታና የሕክምና ሣጥን ነው። የሚከፈለው ግን በፌዴሬሽን ለታወቀ ክለብ፣ ልጅቷ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደተመዘገበች ማኅተም ያለበት ማስረጃ ለሚያቀርብ ብቻ ነው። የ12 ዓመቷን ልጅ ዘንድሮ መስከረም ላይ፣ በሙሉ ስሟ ከነአያቷ፣ በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር መመዝገብና የመዝገቡን ቅጂ ለዞኑ ፌዴሬሽን ማስገባት ከአንድ ከሰዓት በኋላ በላይ አይፈጅም።